እርጥብ የማይገባበት ቤት

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ የስሜን ተራሮች ከጉም ወጥተው ራሳቸውን ለሰው ሳያሳዩ ከርመው ነበር፤ ከደባርቅ እስከ ዳባት ያለው ደጋ ሁሉ እንደ ራሰ ማቅ ከብዶ ተኝቶ፣ ገብሱ በማሳው ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ቆርቆሮው ዝናብ ሲያቆም እንኳ ማንጠባጠቡን አያቆምም ነበር። በዚያ ክረምት ግን ሰው ሰማዩን የሚያዳምጠው ስለ ዝናብ አልነበረም፤ ከተራራው ወዲያ የሚያጉረመርመው ነጎድጓድ ይሁን መድፍ ለመለየት ነበር እንጂ። ሽማግሌዎች «ነጎድጓድ ይጎተታል፤ መድፍ ይቆረጣል» እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ ሕዝቡም ሳይወድ በግዱ ተማረ።

በዳባት ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የሸሀቡ ደርብ ቤት የሚባል አሮጌ ቤት ነበረ። ሸሀቡ በዘመኑ ጥጥና ሸማ በበቅሎ የሚያመላልስ ነጋዴ ሲሆን፣ ደርቡን ሲያሠራ መስኮቶቹን ፊት ለፊት አስከፈታቸው፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ከዚያ ወዲህ በጉም ውስጥ የሚኖረው የቁልቁለቱ ባላገር ሰኔ ሲገባ የክት ልብሱን በአህያ ጭኖ ወደዚህ ቤት ያመጣ፣ ለመስቀል መጥቶ ይወስድ ጀመር። ይህም «ልብስ ማክረም» ይባል ነበር፤ ሙሽራዋ ካባዋን፣ ሽማግሌው ኩታውን፣ ደብሩ የመዘምራኑን ቀሚስ በዚህ ቤት ያከርማል። ክርስቲያኑ ልብሱን ለእስላሙ ቤት አደራ ሲሰጥ «እንዴት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሻጋታ ሃይማኖት አይለይምና።

በዚያ ዓመት የቤቱ እመቤት የሸሀቡ የልጅ ልጅ ሱልጣና ነበረች። እናቷ ሰልማ በሞቱ ጊዜ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የደርቡን ቁልፍ ወገቧ ላይ አሠረች፤ ከዚያ በኋላ ያወቀችውን ሁሉ ራሷ እያበላሸች፣ ራሷ እያስተካከለች ያወቀችው ነበር። ሳጥን ከግድግዳ ተጠግቶ እንደማይቀመጥ፣ ከሥሩም ድንጋይ ካልገባለት መሬቱ ላቡን እንደሚያስተላልፍበት፤ መስኮት በጉም ሰዓት ተዘግቶ፣ ነፋስ ሲነሣ እንደሚከፈት፤ ቅቤና ላብ የነካው ልብስ ሳይታጠብ ከገባ ሻጋታ ከዚያች ነጥብ እንደሚጀምር ታውቃለች። የጨርቅን ድርቀት በእጇ አትለካም። «እጅ ይዋሻል፤ ጉንጭ ግን አይዋሽም» ትልና ልብሱን ወደ ጉንጯ ታስጠጋለች፤ ቅዝቃዜ ከተሰማት ወደ ውጭ ይመለሳል። በበሩ ላይ የእናቷ ደንብ ጸንቶ ነበር፤ እርጥብ አይገባም። ገበያተኛው «የሱልጣና ምላስ ከመቀሷ ይሰላል» ሲል ሰምታ፣ «መቀሴን ሳልስለው ቀርቼ ነው» ብላለች አሉ።

መድፉ እየቀረበ ሲመጣ በግቢዋ ምክር ተቀመጠ። የእናቷ ወንድም አነስ፣ በሸማ ንግድ ያረጀ ሰው፣ ከዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የቁልቁለቱ ደብር ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ማርያም በጃንጥላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ንዋየ ቅድሳቱን እሳቸው ራሳቸው ወደሚያውቁት ዋሻ ወስደዋል፤ የመዘምራኑ ቀሚስና የራሳቸው ካባ ግን ከሕዝቡ ልብስ ጋር በደርቡ ላይ ነበሩ።

«ጉድጓድ ይግባ» አለ አነስ። «አባቶቻችን በክፉ ቀን እህሉንም ጌጡንም ያተረፉት በጉድጓድ ነው። አሮጌው የእህል ጉድጓድ ባዶውን ተቀምጧል።»

«አባቶቻችን ያተረፉትን እህል ቀምሰኸዋል፣ አጎቴ?»

«ብቀምሰውስ?»

«ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መካከሉ እምክ እምክ የሚል ነው። የራበው ሰው አፍንጫውን ይዞ ይበላዋል። የሻገተ ካባ ግን አፍንጫውን ይዞ የሚለብስ ሙሽራ አላየሁም። በነሐሴ ጉድጓድ ውስጥ ልብስ መክተት በምንጭ ውስጥ መክተት ነው!»

«ልጄ፣» አሉ ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው፣ «የተቃጠለ ካባስ ማን ይለብሰዋል?»

የሱልጣና ፊት ቀላ። ከዚያ ድንገት ተነሥታ ቀሚሷን ወደ ወገቧ ሸጎጠችና፣ «እሺ። ጉድጓዱ የናንተ፣ አገባቡ የኔ። አንዱም ሰው በመካከል ቃል አይናገር» አለች።

«አንቺ እያለሽ ማን ቃል ያገኛል?» አለ አነስ።

እንዲህም ሆነ። በደጅ የነደደ እሳት ጭሱ ከሩቅ ስለሚታይ፣ እንጨቱን በማድ ቤት አንድዳ ፍሙን በብረት ድስት እያወረደች የጉድጓዱን ሆድ አሞቀችው፤ ግድግዳው መጀመሪያ እንደ ትኩሳታም አላበው፣ ቆይቶም ደረቀ። ከታች አመድና ኖራ ነሰነሰች፤ በላዩ የወይራ ርብራብ ዘረጋች፤ ዙሪያውን በደረቅ ጭድ ከግድግዳ አራቀችው። ልብሱን ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ወደ ደጅ እያወጣች፣ ደመና ሲመጣ እየሰበሰበች፣ አንድ በአንድ በጉንጯ እየፈተነች አስገባች። ወርቀ ዘቦውን ሳታጥፍ ጠቀለለችው። የቄሰ ገበዙን ካባ አንገቱ ላይ አሽትታ፣ «አባ፣ እዚህ ላይ ላብ አለ፤ ይታጠባል» አለቻቸው።

«የማኅሌት ላብ እኮ ነው፣» አሉ እየሣቁ፣ «በረከት አለው።»

«በረከቱን ሰማይ ወስዶታል፤ እዚህ የቀረው ጨው ነው።»

ጉድጓዱ ሊከደን፣ ጭቃው ተቦክቶ፣ የድንጋዩ ክዳን ተጋድሞ ሳለ፣ በበሩ አንዲት ሴት ከዝናቡ ውስጥ ገቡ። ወይዘሮ ትሕትና ነበሩ፤ ከደባርቅ በታች ካለች መንደር በእግራቸው መጥተው ከራስ እስከ እግራቸው ጨቅይተዋል፤ በደረታቸው የታቀፉት ጋቢም እንደሳቸው ርሷል። አንድ ልጃቸው ታደለ ከጎበዞቹ ጋር ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ፣ ወሬው ከጠፋ ሰንብቶ ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ፣» አሉ። «የኔ ልጅ ሱልጣና፣ ይህችን ጋቢ አክርሚልኝ። የታደለ ናት። ሲሄድ ትከሻው ላይ ነበረች፤ ታከብደኛለች ብሎ ከደጅ አወለቃት።»

ሱልጣና ወደ ጉንጯ ማስጠጋት አላስፈለጋትም፤ ውኃው ከጠርዟ ይንጠባጠባል። «ርሳለች፣ እማማ። እርጥብ አይገባም። ደንቡን እርስዎም ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ዝናቡ ነው እንጂ እኔ አላራስኋት። ቤቴንም ታውቂዋለሽ፤ ግድግዳው በሰኔ ማላብ ከጀመረ ለመስቀልም አያቆም። እኔ ከብቱን ጥዬ አልሸሽ። ጦር ቢመጣ እሳት ይበላታል፤ ጦር ባይመጣም ሻጋታ ይበላታል።»

«ከላይ ጣል አድርጊያት እንጂ!» አለ አነስ። «አንዲት ጋቢ ናት።»

«አንዲት እርጥብ ጋቢ ማለት የተከደነ የፈላ ድስት ማለት ናት። ትንፋሿ የሁሉን ልብስ ያዳርሳል። የስንት ቤት አደራ ነው ከታች ያለው? አንተ ምን አለብህ፤ መስከረም ላይ የሚመጡት እኔን ብለው ነው!»

ወይዘሮ ትሕትና ጋቢዋን አልለቀቁም። በዚያ አገር የሞተ ሰው ሬሳው ከሩቅ አልመጣ እንደሆነ ልብሱ በአልጋ ላይ ተዘርግቶ በእሱ ላይ ይለቀሳል፤ ልብሱ የሬሳ ፈንታ ነው። ሴቲቱም ይህን ያስቡ ነበርና ድምፃቸው ሳይነሣ፣ «ባይመለስ በምን ላይ አለቅሳለሁ?» አሉ። «ሌላውን ልብሱን ለብሶት ሄዷል። ከዚህች በቀር የለኝም።»

የደከመ ሰው ምላሱን አይይዝም፤ ኩሩ ሰው ሲደክም ደግሞ ይብሳል። «ልጇ በሕይወት እያለ የለቅሶ ልብስ የምታስቀምጥ እናት ዛሬ ገና አየሁ!» አለች ሱልጣና።

ቄሰ ገበዙ ጃንጥላቸውን ዘጉ፤ ዝናቡ ግን አላባራም ነበር። ወይዘሮ ትሕትና ሱልጣናን ጥቂት ተመለከቷት፤ አልተቆጡም፤ አላለቀሱም። ጋቢዋን በአጥሩ እሾህ ላይ ሰቀሏትና፣ «እንግዲያው ለዝናቡ ትቻታለሁ» ብለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ጉድጓዱ ተከደነ፣ ተመረገ፣ በላዩም የዶሮ ቆጥ ተተከለበት። ሁሉም ሊሸሽ ወደ ጓዙ ሲዞር ሱልጣና ወደ አጥሩ ሄደች፤ ጋቢዋን ከእሾሁ አላቀቀች፤ ጨመቀቻት። በጉድጓድ የማትገባ፣ በደርብ የማትቀመጥ፣ ለመሸሽ በሚቸኮልበት ቀን በእሳት የማትደርቅ ነገር ምን ትደረጋለች? ሱልጣና አራግፋ ለበሰቻት። የሰው ገላም እሳት ነው ብላ አሰበች።

«ገበሬ አገባሽ እንዴ?» አለ አነስ በመንገድ ላይ፣ የጎንደርን አቅጣጫ ይዘው ከሚጎርፈው ሕዝብ ጋር ሲሄዱ።

«አዎ። ጥሎሹን አንተ ትቀበላለህ።»

ሊያስቀው ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን በመካከል ተቆረጠ። ያቺ ጋቢ በጀርባዋ ላይ እንደ ሬሳ ቀዝቅዛ ነበር፤ ስትሞቅ ዝናብ ይመጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉም ይመጣል። የተናገረችው ቃልም እንዲሁ፤ ስትረሳው ይመለሳል።

ኮሶዬ ሲደርሱ የያርጋል ቤት ተቀበላቸው። ያርጋል በየክረምቱ ልብሱን በደርቡ የሚያከርም ገበሬ ሲሆን፣ ዘንድሮ ራሱ ዘምቶ ቤቱን ለሚስቱ ለስጦታ ትቷል። ኮሶዬ በገደል አፋፍ ላይ ያለች አገር ናት፤ ጉሙ ከታች ከገደሉ ተነሥቶ በበር ይገባል፤ እንደ ዘመድ ይቀመጣል። የስጦታ ቤት ደግሞ በዚያው ክረምት አዲስ ተመርጎ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። ሱልጣና ገና ቁጭ እንዳለች ተነሥታ አልጋውን ከግድግዳው ላቀቀችው።

«ምን ሆንሽ፣ አልጋዬን ወዴት ነው?»

«ግድግዳሽ እያላበ ነው። አልጋሽ ጠጥቶ ጠጥቶ ሊሰክር ምንም አልቀረው።» ፍራሹን ገለጠች፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካርታ ተነጥፏል። «ይኸው! በዚህ ላይ ነው ልጆችሽ የሚያስሉት።»

«እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ቤቴን ታዋርጅልኛለሽ?» አለች ስጦታ፣ ወገቧን ይዛ። ጥቂት ቆይታ ግን ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ሳላቸው ከዚህ ነው ትያለሽ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከዚህ ነው አልልም፤ ይህ ግን አይረዳቸውም። አልጋው ከግድግዳ ይራቅ፤ ሳጥኑ ድንጋይ ላይ ይውጣ፤ ፍራሹ ነፋስ ባለ ቁጥር ይውጣ። ጎረቤት ያየኛል ብለሽ አትፈሪ፤ ሻጋታውን ጎረቤትሽም አለው።»

ስጦታ ሣቀች፤ ሁለቱም ያን ቀን ቤቱን ሲያዞሩ ዋሉ። የሰውን ቤት እንዲህ የምታስተካክለው ሱልጣና የገዛ ትከሻዋን ግን አላየችም ነበር። ጋቢ የተደራረበ ነውና ላዩ በገላዋ ሙቀት ደርቆ ጉንጯን ሲያታልላት፣ ውስጡ ርሶ ከርሞ ኖሯል፤ ቀናት አልፈው ወደ ብርሃን ዘርግታ ስታየው፣ በድርቡ መካከል የተበተነ ጤፍ የመሰለ ጥቁር ነጥብ አየች። ከአንደኛው ጠርዝ አጠገብ ነጥቡ ተሰብስቦ የእጅ መዳፍ አክሏል።

ማንም አላየባትም፤ እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሰው ያያት መሰላት። እርጥቡን መልሳ ብትልከው አንድ ነገር ነው፤ ተቀብላ፣ በገዛ ጀርባዋ ተሸክማ፣ ራሷ አሻገተችው! የሴትዮዋ ልጅ በሕይወት ካለ ጋቢውን ሊለብስ ይመጣል፤ ከሌለም… ሐሳቡን አልጨረሰችም። በሁለቱም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት አለች። በሕይወቷ የምታውቀው ይቅርታ ይህ ብቻ ነበር፤ ነገርን ማንጻት።

ፀሐይ ስትወጣ ነጥቡን ከቤት ርቃ በብሩሽ አራገፈች፤ ዱቄቱ ወደ ሌላ ልብስ እንዳይሄድ። ከመንገድ ገበያ ሎሚ አስገዝታ በጨው አሸች፤ ፀሐይ አስመታች፤ ደመና ሲመጣ ሰበሰበች፤ ደግማ አሸች። ከዚያም ጋቢውን ሙሉ በሙሉ በሳሙና አጠበችው፤ በምንጭ ውኃ አለቀለቀችው፤ እስኪነጣ ድረስ ታጠበ። የመዳፍ ያህሉ ነጥብ ግን አልለቀቀም፤ በድርቡ ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ከዚህ በላይ ቢታሽ ጥጡ ይተረተራል። ሱልጣና ለዚያች ጠርዝ ተሸነፈች። ጋቢውን አጥፋ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ ደበቀችው።

ለመስቀል ሰሞን ጦሩ ከአካባቢው ራቀ ተብሎ ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። የሸሀቡ ደርብ መስኮቶቹ ረግፈው፣ ቆርቆሮው ተበሳስቶ ቆይቷቸው ነበር፤ ደርቡ ላይ የቀረ ጨርቅ ቢኖር ኖሮ ዝናብ ጨርሶት ነበር። ቆጡ ተነሥቶ ክዳኑ ሲነቀል ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ። ከጉድጓዱ የወጣው ሽታ የወይራና የደረቀ ጭድ ነበር። ካባው እንደገባ ወጣ፤ ቀሚሱ እንደገባ ወጣ፤ አንዲት ነጥብ የለበትም። ሴቶቹ እልል አሉ። አነስ ዓይኑን ጠረገና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ምላስሽን ፈቅጄልሻለሁ» አላት።

ሱልጣና ግን ቄሰ ገበዙን ትመለከት ነበር። ካባቸውን ተቀብለው አልለበሱትም።

«አባ፣ ምነው?»

«የታደለን መርዶ ትናንት እናቱን አረዳናቸው፣» አሉ። «አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ መጥቶ ነገረን። ሬሳው የለም፣ ልጄ።»

ወደ ቁልቁለቱ ሲወርዱ ሱልጣና ጋቢውን በደረቷ ታቅፋ ነበር፤ ያን ጊዜ ወይዘሮ ትሕትና እንደታቀፉት። የሴቲቱ ቤት አልተቃጠለም፤ ግድግዳው ግን እስከ ወገቡ ጠቁሯል፤ በር ሲከፈት የእርጥብ አፈር፣ የጥሬ ጭስና የቆየ ጨርቅ ሽታ ፊትን ይመታል። በደጅ ዳስ ተጥሎ፣ በዳሱ መካከል ባዶ አልጋ ቆሟል። የሚዘረጋበት ልብስ አልነበረም። አልቃሾቹ በባዶ አልጋ ዙሪያ ቆመው ነበር፤ ባዶ አልጋ ደግሞ ለቅሶ አያወጣም።

ሱልጣና ጋቢውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ልትናገር ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ ከኮሶዬ ጀምራ ስትደግመው መጥታለች። «እማማ… አላከረምኩልዎትም። ይዤው ሄድኩ» ብቻ አለች።

ወይዘሮ ትሕትና ተጠግተው ጋቢውን አነሡት። ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አሸተቱት። ገለበጡት፤ አሸተቱት። ሱልጣና የሎሚውና የሳሙናው ሽታ እስከቆመችበት ደረሳት፤ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ገባት። ያ ላብ፣ ያ የከብት በረት፣ ያ የልጁ ትከሻ፣ ሁሉም በኮሶዬ ምንጭ ወርዷል። ሴቲቱ እንዲጠበቅላቸው ያመጡት ጥጡን አልነበረም።

ወይዘሮ ትሕትና ድምፃቸውን ለቀቁ፦

«ጋቢህ ደረሰልኝ ነጥቶና ተጣጥቦ፣
አንተ ወዴት ቀረህ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ።»

ዳሱ በለቅሶ ተናወጠ። ሱልጣና አልተንቀሳቀሰችም። ሴቲቱ ግን ፍለጋቸውን አልተዉም፤ እጥፉን እየፈቱ፣ ጠርዝ ጠርዙን እያሸተቱ፣ ተደብቆ ወደ ነበረው ጥግ ደረሱ። በዚያ ጥቁር ነጥብ ላይ ፊታቸውን ደፉ። ቆዩ። ሲነሡ ዓይናቸው ሌላ ነበር።

«እዚህ ጋ አለ፣» አሉ። «ኑ፣ እዩ። ልጄ እዚህ ጋ አለ።»

አነስ በሸማ ንግድ ያረጀ ሰው ነውና ከሩቁ አወቀው፤ «ይህ እኮ ሻ…» ሊል አፉን ሲከፍት ሱልጣና ክንዱን ጨብጣ አስቆመችው፤ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ገባ። ያ ሽታ የሻጋታ ሽታ ነበር፤ የእርጥብ ጥጥ፣ የጉም፣ የራሷ ስንፍና ሽታ። ከእሷ በላይ ይህን የሚያውቅ በዚያ አገር አልነበረም። ምላሷ ከመቀስ ይሰላል የተባለላት ሴት ዝም አለች። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ ታደለም የኖረው በዚያ በሚያላበው ግድግዳ ሥር አልነበረምን? ምናልባት እናቲቱ አልተሳሳቱ ይሆናል። ምናልባት እውቀቷ ግማሽ ነበር።

ያን ጦርነት የሚጽፉ ሰዎች ጽፈውታል፤ ወደፊትም ይጽፉታል፤ የትኛው ኮረብታ በማን እጅ እንደነበረ፣ የትኛው ጦር በየት እንደዞረ ይተርካሉ። የዳባት ሰው ደግሞ የራሱን ያወራል፤ ከሱልጣና ጉድጓድ አንድም ልብስ ሻግቶ አልወጣም ይላል፤ እውነቱን ነው። ደርቡ ታድሶ ባላገሩ ልብሱን እንደ ጥንቱ ያከርማል። እርጥብ ይዞ የሚመጣም ከእንግዲህ ከበር አይመለስም፤ ለብቻው የሚሰቀልበት ክፍል ተሠርቶለታል፤ ሱልጣናም ውኃ ከማስነካቷ በፊት ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ይታጠብ ወይስ እንዳለ ይቆይ?» ብላ ትጠይቃለች። ለምን እንደምትጠይቅ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እሷም በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ወደ ቁልቁለቱ ወርዳ ወይዘሮ ትሕትናን ትጠይቃለች። ጋቢው ባላበው ግድግዳ ላይ፣ በምስማር እንደተሰቀለ ነው፤ ፀሐይ እንድትመታው አይፈቅዱም። ነጥቡ የመዳፍ ያህል የነበረው የክንድ ያህል ሆኗል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጥጡን እንደሚጨርሰው ሱልጣና ታውቃለች። ሴቲቱ ጥጉን እያሸተቱ፣ «ዘንድሮስ ይበልጥ እየቀረበኝ ነው» ይሏታል። ሱልጣናም ከጎናቸው ትቀመጣለች፤ እጆቿን እጭኗ ላይ አድርጋ፣ መስኮቱን ሳትከፍት።